ከ12ኛ ክፍል በኋላ የትምህርት መስክ፣ ተቋምና ሙያ አመራረጥ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ተማሪዎችና ወላጆች

በደሴና በኮምቦልቻ ብዙ ቤተሰብ የልጁን ቀጣይ ትምህርት ሲመርጥ የሚጀምረው ከዩኒቨርሲቲው ስም ነው፤ ከዚያ ወደ ትምህርት ክፍሉ ያልፋል፤ ሥራው የሚታሰበው ግን ልጁ ጋዋን ለብሶ ፎቶ ከተነሣ በኋላ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመክረው ቅደም ተከተሉ እንዲገለበጥ ነው። በመጀመሪያ ሥራውን በዓይን ማየት፣ ቀጥሎ ወደዚያ ሥራ የሚያደርሱትን መንገዶች አንድ በአንድ መለየት፣ በመጨረሻም ተቋሙን መምረጥ ይገባል። ተማሪው በግቢ የሚቆየው አራት ወይም አምስት ዓመት ሲሆን በሙያው ውስጥ የሚኖረው ግን የአብዛኛውን ዕድሜውን ያህል ስለሆነ፣ የውሳኔው ክብደት ያለው በሥራው ላይ እንጂ በግቢው ላይ አይደለም።

ምርጫው የሚጀምረው ከ10ኛ ክፍል ማብቂያ ነው

ተማሪው ወደ 11ኛ ክፍል ሲዛወር የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ይመርጣል፤ በዚያች ቀን ሕክምናና ምሕንድስና ለአንዱ ክፍት ሆነው ለሌላው ይዘጋሉ። በየትምህርት ቤቱ ያለው ልማድ ጎበዝ የተባለውን ሁሉ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ መላክ ነው፤ ይህ ልማድ ብዙ ልጆችን ጎድቷል ብዬ አምናለሁ። በፊዚክስ እየተንገዳገደ በታሪክና በኢኮኖሚክስ ግን መምህሩን በጥያቄ የሚያስጨንቅ ልጅ፣ ጓደኞቹ ስለገቡ ብቻ ተፈጥሮ ሳይንስ ሲገባ በሁለት ዓመት ውስጥ በራሱ ላይ ያለው እምነት ይሸረሸራል። ስለዚህ ከመምረጣችሁ በፊት የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ካርዳችሁን አውጥታችሁ የሒሳብ፣ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ውጤታችሁ በየሴሚስተሩ እንዴት እንደሄደ ተመልከቱ። የአንድ ሴሚስተር ውጤት ብዙ አይናገርም፤ በአራት ሴሚስተር ውስጥ እየወረደ የመጣ ውጤት ግን ብዙ ይናገራል።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በስድስት የትምህርት ዓይነቶች ከ600 የሚታረም ሲሆን፣ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ግማሹን ማምጣት ያስፈልጋል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩን የጠቀስሁት ማንንም ለማስፈራራት አይደለም። ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና በላይ የሚሆነው በቀጥታ የማይገባ ከሆነ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ መንገድ አስቀድሞ ማዘጋጀት የሰነፍ ተማሪ ሥራ ሳይሆን የእያንዳንዱ ተማሪና የእያንዳንዱ ወላጅ ግዴታ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ሥራውን በዓይን ማየት

ደሴና ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የሚገኙ፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ የተያያዙ ከተሞች በመሆናቸው፣ የአካባቢው ተማሪ ብዙ የክልል ከተሞች የሌላቸው ዕድል አለው። ጠዋት ሆስፒታልና ፍርድ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፋብሪካና ደረቅ ወደብ ማየት ይችላል። ይህን ዕድል የሚጠቀምበት ተማሪ ግን እጅግ ጥቂት ነው።

ሕክምና ወይም ነርስነት የሚያስብ ተማሪ በደሴ ሆስፒታል ወይም በቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሚሠራ ዘመድ ወይም ጎረቤት ፈልጎ፣ የአንዱን ቀን ውሎ ከጠዋት እስከ ማታ እንዲነግረው ይጠይቅ። ስንት በሽተኛ እንዳየ፣ ሌሊት ተረኛ የሚሆነው በስንት ቀኑ እንደሆነ፣ መድኃኒት ሲጠፋ ከአስታማሚ ጋር ማን እንደሚነጋገር፣ ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ ማን እንደሚያረዳ ይጠይቅ። ደምና ቁስል ማየት አለመፍራት ብቻውን አይበቃም፤ ከሰው ሐዘን ጋር በየቀኑ መዋል የሚችል ልብ ያስፈልጋል። ከሐኪሙ በተጨማሪ የላቦራቶሪ ባለሙያውን፣ ፋርማሲስቱንና አዋላጇን ማነጋገርም ይጠቅማል፤ ጤና ሲባል ሐኪም ብቻ የሚታያቸው ልጆች ከአራቱ ሥራዎች ለጠባያቸው የሚስማማው ሌላው መሆኑን የሚረዱት ያን ጊዜ ነው።

ምሕንድስና የሚያስብ ተማሪ ደግሞ ወደ ኮምቦልቻ ይውረድ። የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፎጣና በአንሶላ ምርቱ ይታወቃል፤ እንዲህ ያለ ፋብሪካ መፍተያ ክፍል የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ሙቀቱንና ርጥበቱን ነው፤ ክሩ እንዳይበጠስ አየሩ ሆን ተብሎ እርጥብ ይደረጋል። ወደ ሽመናው ክፍል ሲያልፍ የማሽኑ ድምፅ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር እንኳ በጆሮ እየተጠጋ እንጂ አያነጋግረውም፤ የጥጥ ብናኝ ቅንድብ ላይ ሳይቀር ያርፋል። ሠራተኛው በፈረቃ ይገባል፤ መሐንዲሱም ማሽን በቆመ ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ይጠራል። ይህን አይቶ «ይህ ማሽን ለምን ቆመ?» ብሎ ለማወቅ እጁ የሚያሳክከው ልጅ የጨርቃ ጨርቅ፣ የሜካኒካል ወይም የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ቢማር ሥራውን ይወደዋል። አይቶ ወደ በሩ የሚጣደፈውም ልጅ ቢሆን የማይሆነውን ነገር ሳይገባበት ስላወቀ ጊዜው አልባከነም።

ወደ ፋብሪካ መግባት የሚቻለው እንዲሁ በር ላይ በመቆም አይደለም። ከትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ለድርጅቱ የሰው ኃይል አስተዳደር ማመልከት፣ ቢቻል በቡድን ሆኖ ከአንድ መምህር ጋር መሄድ ይሻላል። ፈቃድ ካልተገኘ ደግሞ የፈረቃ ሠራተኞች ሲወጡ አንድ የሚያውቁትን ሰው ሻይ ጋብዞ ማነጋገር ቀላሉና ብዙ ጊዜም እውነተኛውን መልስ የሚያስገኘው ዘዴ ነው።

በአካባቢያችን ተገቢውን ቦታ ያላገኙ ሁለት መስኮች አሉ ብዬ አስባለሁ። የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ይህን ትምህርት ይሰጣል፤ አካባቢው ከአፋር ቆላ ጋር የሚዋሰን፣ በግ፣ ፍየል፣ ከብትና ግመል የሚነዳበትና የሥጋ ማቀነባበሪያ ያለበት ነው፤ ሆኖም ወላጆች «ልጄ የከብት ሐኪም ሊሆን ነው ወይ?» እያሉ ከዝርዝሩ ያስወጡታል። ሁለተኛው ከዕቃ ጭነትና ከጉምሩክ ጋር የተያያዘው ሥራ ነው። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ያላት ከተማ በመሆኗ የሎጂስቲክስ፣ የአቅርቦት አስተዳደርና የሒሳብ ተመራቂ ሥራ የሚፈልገው በባንክ ደጃፍ ብቻ መሆን የለበትም።

አንድ ጥንቃቄ ግን ላክልበት። ዛሬ በከተማው ውስጥ የሚታይ ሥራ ልጁ ሲመረቅም በዚያው መጠን ይኖራል ማለት አይደለም። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ሲመረቅ ብዙ ወጣቶች ተስፋ አድርገውበት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጦርነቱ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ፤ አሜሪካም ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ (ዕቃን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከመላክ ዕድል) ተጠቃሚነት አስወጣች፤ ይህም ወደዚያ ገበያ የሚልኩትን የኢንዱስትሪ ፓርኮች ሁሉ ጎዳ። ስለዚህ በአንድ ፋብሪካ ብቻ የሚያገለግል ሙያ ከመያዝ፣ ፋብሪካው ቢዘጋ ሆስፒታል፣ ሆቴል ወይም ውኃ አገልግሎት ሊወስደው የሚችል ሙያ መያዝ ይበልጣል። የማሽን ጥገና፣ ኤሌክትሪክ፣ ሒሳብና ኮምፒዩተር ከዚህ ወገን ናቸው።

ወደ አንድ ሥራ የሚወስዱ ብዙ መንገዶች

ሥራውን ከለያችሁ በኋላ ወደ እርሱ የሚያደርሱትን መንገዶች በወረቀት ላይ ጻፉ። ለምሳሌ በኤሌክትሪክ ሙያ መሥራት የሚፈልግ ልጅ በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ወይም በሌላ ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት ተምሮ መሐንዲስ ሊሆን ይችላል፤ በደሴው ወይዘሮ ስሂን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ወይም በኮምቦልቻ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሠልጥኖና የብቃት ምዘናውን አልፎ ባለሙያ ሊሆንም ይችላል። ነርስ ለመሆን በዩኒቨርሲቲ የዲግሪ መንገድ አለ፤ በደሴ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ በኩልም መንገድ አለ። መምህርነት የሚወድ ደግሞ የደሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ በቅርቡ አለለት። በኮሌጅ የጀመረ ሰው ሥራ ይዞ በማታ ወይም በክረምት መርሐ ግብር ዲግሪውን ሊቀጥል ስለሚችል፣ አጭሩ መንገድ የትምህርት መጨረሻ ተደርጎ መታየት የለበትም።

ስለ ቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። በብዙ ቤት ፖሊ ቴክኒክ መግባት እንደ ውድቀት ይቆጠራል፤ ልጁ ሲጠየቅ አንገቱን ይደፋል፤ እናቱም ለጎረቤት ለመናገር ታፍራለች። ይህ አስተሳሰብ ልጆችን እየበደለ ነው። በሙያ ሥልጠና ተማሪው የተወሰነውን ጊዜ በኮሌጁ፣ የተወሰነውን ደግሞ በትብብር ሥልጠና በድርጅቶች ውስጥ ስለሚያሳልፍ፣ ብየዳም ይሁን የመኪና ጥገና፣ የቧንቧ ሥራም ይሁን ልብስ ስፌት፣ ሲጨርስ እጁ ሥራ ለምዶ ይወጣል። ሲመዘገቡ ሊጠየቁ የሚገባቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፤ ሥልጠናው እስከ የትኛው ደረጃ እንደሚሰጥ፣ ለትብብር ሥልጠና የሚላኩት ወደ የትኞቹ ድርጅቶች እንደሆነና ባለፈው ዓመት ከተመዘኑት ስንቶቹ ብቁ እንደተባሉ። የሥልጠና ክፍሉን ገብታችሁም ተመልከቱ፤ ማሽኖቹ ሲሠሩ ካያችሁ መልካም ነው፤ አቧራ ለብሰው በሸራ ከተሸፈኑ ግን ምክንያቱን ጠይቁ።

ግማሽ ውጤት ሳያመጡ ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ የሚያወጣውን መቁረጫ ነጥብ ያሟሉ ተማሪዎች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሪሚዲያል (በማካካሻ ትምህርት) መርሐ ግብር ይገባሉ። ይህ ከአንድ ሴሚስተር የማይበልጥ አጭር ጊዜ ነው፤ ምዘናው ከመቶ 30ው በተቋሙ፣ 70ው በአገር አቀፍ ፈተና ሆኖ 50 ማምጣት ያስፈልጋል። ሪሚዲያል የደረሰው ልጅ «ዩኒቨርሲቲ ገባሁ» ብሎ ከተዝናና ወሮቹ ሳያውቃቸው ያልቃሉ፤ ወላጆችም ድግሱን ለመጀመሪያው ዓመት ምዝገባ ቢያቆዩት መልካም ነው።

የግል ኮሌጅ ከመክፈል በፊት

የግል ተቋም የመረጠ ቤተሰብ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የዕውቅና ፈቃዱን ይጠይቅ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ ሳይሆን ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነትና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ነው። አዲስ አበባ ላይ ፈቃድ ያለው ተቋም በደሴ ቅርንጫፉ፣ ወይም በአካውንቲንግ ፈቃድ ያለው ተቋም በነርሲንግ፣ እንዲያው በስሙ ብቻ ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። የፈቃዱ ወረቀት ላይ የካምፓሱን ስም፣ የትምህርቱን ስምና የሚያበቃበትን ቀን በዓይናችሁ አንብቡ፤ ከባለሥልጣኑም አረጋግጡ። «በሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ ከተሰጣችሁ ሂደቱ ሲያልቅ እንደምትመለሱ ነግራችሁ ውጡ።

ሌላው የመውጫ ፈተና ነው። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ጀምሮ የመንግሥትም ሆነ የግል ተቋም ተማሪ ዲግሪውን የሚያገኘው ይህን ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥቶ ሲያልፍ ነው። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት ከመቶው 62 ያህሉ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በደንብ የሚያስተምሩ የግል ኮሌጆች እንዳሉ አምናለሁ፤ ስለዚህም ጥያቄው የግል ወይስ የመንግሥት የሚለው ሳይሆን፣ ይህ ኮሌጅ በዚህ ትምህርት ባለፉት ዙሮች ስንት አስፈትኖ ስንት አሳለፈ የሚለው ነው። ቁጥሩን ለመናገር የሚያቅማማ መዝጋቢ መልሱን እንደሰጣችሁ ቁጠሩት። የጤና ትምህርት የሚመርጡ ደግሞ ከዚህ ሌላ በጤና ሚኒስቴር የሚሰጠው የሙያ ፈቃድ ፈተና እንደሚጠብቃቸው ይወቁ።

ክፍያውንም በወር አታስቡት። የወሩን ክፍያ በትምህርቱ ዘመን ወሮች አባዙት፤ የምዝገባውን፣ የደንብ ልብሱን፣ የተግባር ልምምዱንና የመመረቂያውን ወጪ ጨምሩበት፤ ከዚያ ቤተሰቡ ይህን ገንዘብ በሬ ሳይሸጥ ወይም ሳይበደር መክፈል እንደሚችል ተነጋገሩ። ሦስተኛ ዓመት ላይ በገንዘብ እጥረት የሚያቋርጥ ልጅ ዲግሪ ሳይይዝ ዕዳ ይዞ ይወጣል።

ቤተሰብን ማነጋገር

በወሎ ቤት የልጅ ጉዳይ የሚወሰነው ብዙ ጊዜ ቡና ተፈልቶ፣ አጎትና አክስት ባሉበት ነው። አባት መሐንዲስ ሲመኝ፣ አጎት ሕክምና ሲል፣ ልጁ አቀርቅሮ «እሺ» ብሎ ይነሣል። ልጁ መናገር አለበት፤ ሲናገር ግን በአክብሮትና ማስረጃ ይዞ ይሁን። «አባዬ፣ እርስዎ ያሉኝን አስቤበታለሁ። ሆስፒታሉን አየሁት፣ ከሁለት ነርሶችም ጋር ተነጋገርሁ፤ ሥራው እንደማይሆነኝ ተረዳሁ። ሒሳቡን ብማር ግን እዚህና እዚያ መሥራት እንደምችል ጠይቄ መጥቻለሁ፤ እርስዎም ሰው ጠይቁልኝና ከዚያ ይወስኑ» የሚል ልጅ ሳይሰማ አይቀርም። አባት በጨለማ ሳይሆን አይቶ የሚመርጥ ልጅ እንዳለው ሲያውቅ ልቡ ይራራል፤ ምርቃቱንም ዱዓውንም ከልቡ ያደርጋል። ወላጆችም እባካችሁ ልጁ የሚፈልገውን ከመጠየቃችሁ በፊት የእናንተን አትንገሩት፤ የእናንተን ከሰማ በኋላ የሚመልስላችሁ የራሱን ላይሆን ይችላል።

ምርጫውን መሙላት

ምርጫው የሚሞላው በትምህርት ሚኒስቴር የኢንተርኔት ገጽ ላይ ስለሆነ፣ ስማርት ስልክ የሌለው ወይም ኔትወርክ የተቋረጠበት ተማሪ ወደ ፒያሳ ኮምፒዩተር ቤቶች ይሄዳል። በመጨረሻዎቹ ቀናት ሰልፉ ይረዝማል፤ የቤቱ ልጅ ከኋላ የቆሙትን እያየ ይቸኩላል፤ «ያው አንደኛ ጎንደር፣ ሁለተኛ ባሕር ዳር፣ ሌላውን እኔ ልሙላልህ» ይላል፤ ተማሪውም ያፍርና ዝም ይላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ቤት ውስጥ በወረቀት ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ እያንዳንዱ መስመር ሲሞላ በስክሪኑ ላይ ተከታተሉ፤ ከመላኩ በፊት ከላይ እስከ ታች አንብቡት፤ የተላከውንም ገጽ አሳትማችሁ ወይም በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ። የይለፍ ቃላችሁን ለማንም አትስጡ።

ከባድ የጤና ችግር ያለበት፣ የምታጠባ እናት የሆነች ወይም መንታ ወንድም ወይም እኅት ያለው ተማሪ እንደየዓመቱ መመሪያ ልዩ ምደባ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ የሆስፒታል ወይም ሌላ ማስረጃውን ቀነ ገደቡ ሳይደርስ ያዘጋጅ።

ቅርብ ይሻላል ወይስ ሩቅ የሚለው በየቤቱ ያከራክራል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የደረሰው የደሴ ልጅ ከትራንስፖርት ወጪ ይድናል፣ ሲታመምም እናቱ በቅርብ ናት፤ ነገር ግን በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤት እየተመላለሰ ጥናቱን የሚበትን ጠባይ ካለው ርቀቱ ሊጠቅመው ይችላል። ሩቅ የሚመርጥ ደግሞ የመንገዱን ሁኔታ፣ የአየሩን ጠባይና በዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ መመላለስ እንደሚችል አስቀድሞ ያስላ። እኔ ብጠየቅ፣ የምትፈልጉት ትምህርት በቅርብ ካለና ዕቃው የተሟላ ከሆነ ቅርቡን አስቀድሙ እላለሁ።

ግቢ ከገቡ በኋላ ያለው ሁለተኛ ምርጫ

ብዙዎች የማያውቁት ነገር ቢኖር ዩኒቨርሲቲ መመደብ ትምህርት ክፍል መመደብ አለመሆኑ ነው። ተማሪው በመጀመሪያ የፍሬሽማን የጋራ ትምህርቶችን ይወስዳል፤ ከዚያ እንደ ተቋሙ አሠራር ከመጀመሪያው ሴሚስተር ወይም ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ በውጤቱና በምርጫው ትምህርት ክፍል ይደለደላል። በመሆኑም ሕክምና ወይም ሶፍትዌር ምሕንድስና የሚፈልግ ልጅ እውነተኛው ውድድር የሚጠብቀው በእነዚያ ወሮች ውስጥ ነው። ሻንጣ ይዞ ሲገባ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የሒሳብና የእንግሊዝኛ መጻሕፍቱን አብሮ ይያዝ፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትምህርት በእነርሱ ላይ የተመሠረተ ነውና።

የትምህርት ክፍል ምርጫ ቅጽ ከመሞላቱ በፊት ክፍሎቹ ራሳቸውን የሚያስተዋውቁበት ቀን ይኖራል። በዚያ ቀን የሚሰጠው ገለጻ ሁሉ ስለሚያማምር፣ ከስብሰባው በኋላ የትምህርት ክፍሉን አራተኛ ዓመት ተማሪ በካፌው ወይም በዶርሙ አግኝታችሁ ላቦራቶሪው ውስጥ በሴሚስተር ስንት ጊዜ እንደገባ፣ ለኢንተርንሺፕ (ለሥራ ላይ ልምምድ) የት እንደተላከ፣ ከእርሱ በፊት ከተመረቁት መካከል የሚያውቃቸው ሰዎች ዛሬ ምን እየሠሩ እንደሆነ ጠይቁት። ከሁለት ወይም ከሦስት ተማሪዎች የሚገኘውን መልስ አንድ ላይ ጻፉና፣ በደሴና በኮምቦልቻ በዓይናችሁ ካያችሁት ሥራ ጋር አስተያይታችሁ ቅጹን ሙሉ።